የአራዳ ጸሐፍትና ቀን የተቆረጠለት ደጅ

ከቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ደጃፍ ተነሥቶ በአራት ኪሎ አድርጎ ወደ አራዳ ጊዮርጊስ የሚያቀና መንገደኛ ግራና ቀኙን አስተውሎ ቢመለከት፣ ከወርቅ ሠሪው ሱቅና ከኬክ ቤቱ፣ ከጫማ መደብሩና ከመጻሕፍት አዟሪው መካከል፣ የሰውን ስምና ልደት፣ ትምህርትና ጋብቻ፣ መልክና አሻራ በወረቀት አስፍሮ ለሩቅ አገር ሹም የሚያቀርብ አንድ ልዩ ሞያ ተሰማርቶ ያገኛል፤ ይኸውም ጉርድ ፎቶግራፍ የሚያነሣው፣ ሰነድ የሚተረጉመው፣ ማመልከቻ የሚጽፈው፣ በአሜሪካ የቪዛ ዕጣ ሰሞን ደግሞ «ዲቪ እንሞላለን» የሚል ወረቀት በመስተዋቱ ላይ የሚለጥፈው ሁሉ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሞያ ከአሜሪካ ዕጣ ጋር የመጣ አዲስ ነገር አድርጎ ይቈጥረዋል። ነገር ግን ሥሩ ከራሱ ከአራዳ ዕድሜ ጋር የተካከለ ነው፤ ታሪኩም ወደ ውጭ አገር የሚያወጣው ደጅ በሌላ ሰው ቀን ሲከፈት፣ አገራቸው የጽሑፍ ምስክር ሳትሰጣቸው ያደጉ ሰዎች በየጊዜው ማን ደርሶ ምስክር እንደ ሆናቸው የሚያሳይ ስለ ሆነ፣ ሊጻፍና ሊታወስ ይገባዋል።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከቆረቆሩ በኋላ፣ የአድዋ ድል መታሰቢያ በሆነው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው ታላቁ ገበያ የከተማው ልብ ነበር። በዚያ ዘመን ጉዳይ ያለው ሰው ጉዳዩን የሚያስፈጽመው በአካል ቀርቦ ነው፤ ሹመት የሚፈልገው ደጅ ይጠናል፣ ርስቱን የተነጠቀው በችሎት ፊት ቆሞ ይጮኻል፣ ማንነቱ ቢጠየቅ አባቱንና አያቱን የሚያውቅ ሽማግሌ ከጎኑ ቆሞ ይመሰክርለታል እንጂ ወረቀት አምጣ የሚለው አልነበረም። በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ተሾመው መሥሪያ ቤቶች ሲቋቋሙ ግን የመንግሥት ጆሮ ቀስ በቀስ ከቃል ወደ ጽሑፍ ዞረ፤ ኢትዮጵያም በ1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል በመሆኗ ከአራዳ የተጻፈ ደብዳቤ በሕግ ታውቆ ባሕር የሚሻገርበት መንገድ ተከፈተ። እንግዲህ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥሮ፣ ብርዕ ቀርጾና ቀለም በጥብጦ ያደገው ደብተራ፣ መጻፍ ለማይችለው ባለጉዳይ ማመልከቻ የሚጽፍበት አዲስ ዓለማዊ እንጀራ ያገኘው በዚህ ጊዜ ነው።

የምድር ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ወደ ውጭ አገር መሄድ ለጥቂቶች የሚቻል ነገር ሆነ። ይሁን እንጂ የዚያ ዘመን ሄያጅ የሚታጨው በቅጽና በነጥብ ሳይሆን በአንድ ታላቅ ሰው ፈቃድ ነበር። በአልጋ ወራሽ ተፈሪ ድጋፍ ወደ አሜሪካ ሄዶ ሕክምና የተማረው መላኩ በያን ከነዚያ ዕጩዎች አንዱ ነው፤ በተቃራኒውም ከኢየሩሳሌም በአልጋ ወራሹ ተመርጠው በ1916 ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ የገቡት «አርባ ልጆች» የተባሉት ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች፣ አገራችን ራሷ በዕጩነት ሰው የተቀበለችበትን ጊዜ ያስታውሳሉ። የዚያ ዐይነቱ ዕጩነት ክብሩም ጉድለቱም አንድ ነበር፤ በመስፍኑ ዐይን ፊት ያለፈ ይታጫል፣ ያላለፈ ግን ምንም ያህል ቢበልጥ ስሙን የሚያነሣለት የለም።

ከዚህ ሁሉ ጋር አብሮ ያደገው የፎቶግራፍ ሞያ ነው። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በአፄ ምኒልክ ዘመን መጥቶ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፣ ልጆቹም ሞያውን ወረሱ፤ የንጉሥና የመኳንንት ምስል የሚነሣበት ያ ጥበብ ውሎ አድሮ ለተራው ሰው ሲደርስ ለተማሪው መታወቂያ፣ ለሠራተኛው መዝገብና ለመንገደኛው ፓስፖርት የሚሆነውን ጉርድ አስገኘ። የጽሕፈት መኪናም እንዲሁ ነው። መሐንዲስ አያና ብሩ የአማርኛን ፊደል ከጽሕፈት መኪና ጋር ለማስማማት ከደከሙ በኋላ፣ በተለይም ከነጻነት ወዲህ፣ በየፍርድ ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቶ፣ መኪናውን በሣጥን ላይ አስቀምጦ፣ በካርቦን ሁለትና ሦስት ቅጂ የሚያወጣ ማመልከቻ ጸሐፊ የከተማው የታወቀ ሰው ሆነ።

የዚህ ሞያ ከባዱና ከሁሉም የሚያስመሰግነው ክፍል ግን የልደትን ቀን መፈለግ ነበር፤ ምክንያቱንም ለመረዳት ወደ ሕጉ መመለስ ያስፈልጋል። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልደት፣ ጋብቻና ሞት በመንግሥት መዝገብ እንዲሰፍሩ በዝርዝር ደንግጎ ሳለ፣ በመጨረሻው ላይ በቁጥር 3361 እነዚያ ስለ ክብር መዝገብ የተጻፉት አንቀጾች ወደ ፊት በነጋሪት ጋዜጣ በሚወጣ ትእዛዝ ቀን እስኪወሰንላቸው ድረስ በሥራ ላይ እንዳይውሉ አገዳቸው። ያ ትእዛዝ ሳይወጣ ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ፣ ደርግም መጥቶ ሄደ፤ ስለ ወሳኝ ኩነት ምዝገባ የሚናገረው አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን፣ በአገር አቀፍ ደረጃ መመዝገብ የተጀመረውም በ2008 ዓ.ም. ነው። ግማሽ ምእት ዓመት ያለፈው ይህ መዘግየት በእኔ አስተያየት በዘመናዊ አስተዳደራችን ታሪክ ከተፈጸሙት ድምፅ የለሽ በደሎች ትልቁ ነው፤ ማንም ሰው በስሙ ከስሶ ስላልተከራከረበት እንጂ በሚሊዮን የሚቈጠር ሕዝብ የተወለደበትን ቀን የሚያረጋግጥለት መንግሥት ሳይኖረው ኖሯል።

ክፍተቱን የሸፈኑት ቤተ ክርስቲያን፣ ማዘጋጃ ቤትና የሰው ምስክር ናቸው። ልጁን በሥላሴ ወይም በጊዮርጊስ ክርስትና ያስነሣ ወላጅ የክርስትና ምስክር ወረቀት ይቀበል ነበር፤ በዚያ ላይ የተጻፈው የክርስትና ስም ግን ሰው ሁሉ ከሚጠራው የዓለም ስም የተለየ ስለ ሆነ፣ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያስረዳ ሌላ ቃለ ምስክር ያስፈልግ ነበር። ክርስትናው በገጠር የተፈጸመለት፣ ወይም እስላም የሆነው ጎረቤት ደግሞ ምስክሮች ይዞ በቸርችል ጎዳና አናት በ1950ዎቹ ወደ ተሠራው የማዘጋጃ ቤት ሕንጻ ይወጣል። ምስክሮቹ «እናውቀዋለን» ይላሉ፤ መቼ እንደ ተወለደ ግን በቁጥር የሚናገር አይገኝም። በዚህ ጊዜ ነው የአራዳው ጸሐፊ ባሕረ ሐሳብን፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያንን የዘመን ቀመር፣ የሚያውቅ ሰው መሆኑ የሚጠቅመው።

«እማማ፣ መቼ ተወለዱ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ «ጣሊያን ከተማው ውስጥ ሳለ፣ በሐምሌ ሥላሴ፤ እናቴ ዘመነ ማቴዎስ ነበር ትለኝ ነበር» የሚል መልስ ያገኛል። ለማያውቅ ሰው ይህ ተረት ይመስላል፤ ለሚያውቀው ግን የተሟላ ሰነድ ነው። ጠላት አዲስ አበባ የገባው በሚያዝያ 1928፣ ንጉሠ ነገሥቱ የተመለሱት በሚያዝያ 1933 ስለ ሆነ፣ ጣሊያን በከተማው ሳለ የዋሉት የሐምሌ ሥላሴዎች ከ1928 እስከ 1932 ያሉት አምስቱ ብቻ ናቸው። ከነዚህም ውስጥ በየዓመተ ምሕረቱ ላይ 5,500 ደምሮ ለአራት ሲካፈል አንድ የሚተርፈው፣ ማለትም የማቴዎስ ዘመን የሚሆነው፣ 1929 ብቻ ነው፤ ሐምሌ ሥላሴ የሚውለውም በወሩ በሰባተኛው ቀን ነው። ስለዚህ እማማ የተወለዱት ሐምሌ 7 ቀን 1929 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆች ጁላይ 14 ቀን 1937 ይሆናል። መንግሥት መዝገብ ባልከፈተበት ዘመን እናቶቻችን የልጆቻቸውን ልደት በታቦትና በወንጌላዊ ጠብቀው ማኖራቸውን፣ ጸሐፊውም ያንን ፈልቅቆ በቁጥር ማስቀመጡን ሳስብ፣ ለሁለቱም ያለኝ አክብሮት ይጨምራል።

ስሕተቱም የዚያኑ ያህል ብዙ ነበር። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ባለው ጊዜ የእኛና የፈረንጆች ዘመን ልዩነት ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ስምንት መሆኑን ያላስተዋለ ተርጓሚ፣ የኅዳር ልጅን በስምንት ደምሮ አንድ ዓመት ያሳንሰዋል። ፀሐይ የሚለው ስም በላቲን ፊደል በሦስት በአራት ዐይነት ስለሚጻፍ፣ በትምህርት ማስረጃዋ ላይ አንዲት፣ በፓስፖርቷ ላይ ሌላ ሴት የምትመስል ብዙ ናት። እኛ የቤተሰብ ስም የሚባል ስለሌለን፣ ባል በአያቱ፣ ሚስት በአያቷ፣ ልጅም በራሱ አያት ስም ሲመዘገቡ፣ አንድ ቤተሰብ በባዕድ ሹም ፊት ሦስት የማይዛመዱ ሰዎች ሆኖ ይቀርባል። እነዚህን አስቀድሞ አይቶ ያረመ ተርጓሚ የሰውን ዕድል ያድናል፤ ያላረመም ያጠፋዋል።

በደርግ ዘመን ሞያው ጠበበ። ፓስፖርት ማግኘት ጭንቅ፣ የመውጫ ቪዛ ማግኘት ከዚያ የበለጠ ጭንቅ ስለ ነበር፣ ዋስና የቀበሌ ደብዳቤ ያልተሟላለት ሰው የሚሄድበት መንገድ በእግር ወደ ሱዳን የሚወስደው ነበር፤ አሜሪካ በ1972 ዓ.ም. ያወጣችው የስደተኞች ሕግም ብዙዎቹን ከዚያ ከካምፕ ተቀብሏል። እነዚያ ሰዎች ብዙዎቹ አንዳች ወረቀት ሳይዙ የወጡ ናቸው፤ ልደታቸውም በካምፕ ጸሐፊ ግምት ጃንዋሪ አንድ ቀን ተብሎ የተመዘገበ ብዙ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው የዕጣው ዘመን ነው። አሜሪካ በኅዳር 1983 ዓ.ም. ባወጣችው የኢሚግሬሽን ሕግ፣ ጥቂት ሰው ከሚመጣባቸው አገሮች ዲቪ በሚባለው ዕጣ በዓመት 55,000 ቪዛ እንዲሰጥ፣ ከአንድ አገር ግን ከመቶ ሰባት በላይ እንዳይወሰድ ደነገገች፤ የመጀመሪያው ማመልከቻም በ1986 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ለአንድ ወር ያህል ተከፈተ። በዕጣው ለመግባት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት መጨረስ፣ ወይም ሥልጠና በሚጠይቅ ሥራ ላይ ባለፉት አምስት ዓመታት ውስጥ ሁለት ዓመት መሥራት በቂ ስለ ነበር፣ ከመስፍን ዐይን ርቆ የኖረው የድሃ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ አማላጅ የሚገባበት ደጅ አገኘ።

ዲቪ በፖስታ ይላክ የነበረበትን ሥርዐት የሚያስታውስ የአራዳ ሰው ዛሬም ብዙ ነው። ቅጽ የሚባል ነገር አልነበረም፤ በነጭ ወረቀት ላይ ስም፣ የትውልድ ቀንና ቦታ፣ የትዳር ጓደኛና የልጆች ስም፣ አድራሻም ተጽፎ፣ አመልካቹ በእጁ ፈርሞበት፣ ፎቶግራፉ ከጀርባው ስሙ ተጽፎበት በግልጽ ማጣበቂያ ይለጠፋል፤ በሽቦ ወይም በመርፌ መያዝ ክልክል ነው። የኤንቬሎፑ መጠን ሳይቀር የተወሰነ ሲሆን፣ የአመልካቹ አገርም በላዩ ላይ ይጻፋል። ማመልከቻው ከመቀበያው ጊዜ አንድ ቀን ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ከደረሰ አይታይም፤ ሁለት ጊዜ የላከም ሁለቱም ይሰረዙበታል። ስለዚህ የአራዳው ጸሐፊ ደብዳቤው ከዋናው ፖስታ ቤት ወጥቶ አሜሪካ እስኪደርስ የሚፈጀውን ቀን አስልቶ፣ «ዛሬ ላከው፣ ነገ አትላከው» ብሎ ለደንበኛው የሚመክር የቀን ዐዋቂ ሆነ። ከሁሉ የሚከብደው ግን መልሱ የሚመጣበት አድራሻ ነበር። በአገራችን ፖስታ በየቤቱ አይታደልም፤ መልስ የሚጠብቅ ሰው የፖስታ ሣጥን ያስፈልገዋል። ሣጥን የሌለው የዘመዱን፣ የመሥሪያ ቤቱን ወይም የነጋዴ ጎረቤቱን ቁጥር ተውሶ ይጽፋል፤ ሣጥኑ ሲዘጋ፣ ወይም ባለ ሣጥኑ ሲቀየም፣ የወጣለት ዕጣ ሳይነገረው የቀረ ይኖራል። በዚያ ላይ ዕጣው መውጣቱ ብቻውን ቪዛ አይደለም፤ ከሚሰጠው ቪዛ በላይ ስም ስለሚወጣ፣ የአሜሪካ የበጀት ዓመት በሚያበቃበት በመስከረም 20 ጉዳዩ ያላለቀለት ሰው ዕድሉ ከነሰነዱ ይወድቃል። ስሙ በወጣ ጊዜ የልደት ማስረጃ መፈለግ የጀመረና አስቀድሞ በመሳቢያው ያኖረ ሰው የተለያዩት በዚህ ነበር።

በ1996 ዓ.ም. ከጥቅምት 21 እስከ ታኅሣሥ 20 ድረስ ለመጀመሪያ ጊዜ ማመልከቻው በኢንተርኔት ብቻ እንዲሆን ሲደረግ፣ የጸሐፊው ወንበር ወደ ኢንተርኔት ቤት ገባ። ጃንጥላውና ካርቦኑ ቀርተው ኮምፒዩተርና ነጭ መጋረጃ ተተኩ። ሥራው ፈጠነ፤ ግን የደንበኛው ስምና ምስጢር በሌላ ሰው እጅ ገባ። የማረጋገጫ ቁጥሩን ለራሱ አስቀርቶ፣ ዕጣው የወጣለትን ሰው ገንዘብ የሚጠይቅ፣ ወይም የማያውቀውን የትዳር ጓደኛ እንዲቀበል የሚያስገድድ ሰው በሞያው መካከል ተነሣ፤ ይህ ከማመልከቻ ጸሐፊነት ሥራ ላይ የወደቀ ጥቁር ነጥብ ነው፣ ሊሰወርም አይገባም። በግንቦት 2011 ዓ.ም. ደግሞ አመልካቹ ገና ሲሞላ የፓስፖርት ቁጥሩን እንዲያስገባ የሚያዝዝ ደንብ ወጣ፤ በአሜሪካ ፍርድ ቤት በጥር 2014 ዓ.ም. እስኪሻር ድረስም ለሦስት ዙር ጸና። በነዚያ ዓመታት ፓስፖርት በእጁ ያልነበረው ወጣት ትምህርቱ ቢሟላም ዕጣውን እንኳ ሊቆርጥ አልቻለም።

ዛሬ በአራዳ የትርጉም ቤቶች ከዲቪ ይልቅ ረጅም ጊዜ የሚወስደው ሥራ የካናዳ ክፍለ ሀገሮች ዕጩነት ነው። በካናዳ ሕገ መንግሥት ሰው ወደ አገር የማስገባት ሥልጣን ለማዕከላዊውና ለክፍለ ሀገሮቹ መንግሥታት የጋራ ስለ ሆነ፣ ማኒቶባን የመሳሰሉ ክፍለ ሀገሮች ከ1990ዎቹ መባቻ ጀምሮ የሚያስፈልጋቸውን ሠራተኛ ራሳቸው መርጠው ለማዕከላዊው መንግሥት ያጫሉ። ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ በማዕከላዊው መዝገብ ውስጥ ላለ ሰው የክፍለ ሀገር ዕጩነት 600 ነጥብ ስለሚጨምርለት፣ የታጨ ሰው እንደ ገባ ይቈጠራል። ነገር ግን ክፍለ ሀገሮቹ ኮታቸው የተወሰነ በመሆኑ ጥሪውን በፈለጉት ጊዜ ይከፍታሉ፣ ሲሞላም ወዲያው ይዘጋሉ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ማዕከላዊው መንግሥት በዚህ መንገድ በዓመት እንዲገባ ያሰበውን የሰው ቁጥር ከ110,000 ወደ 55,000 ዝቅ በማድረጉ፣ ደጁ በግማሽ ጠበበ። አውስትራሊያም በየግዛቷ የምታጭበት ተመሳሳይ ሥርዐት አላት።

ለዚህ ደጅ የሚዘጋጅ ሰው ሰነዶቹ የየራሳቸው ዕድሜ እንዳላቸው ማወቅ አለበት። የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤት ከሁለት ዓመት በኋላ ይሞታል፤ የትምህርት ማስረጃ ምዘና አምስት ዓመት ይቆያል፤ የፖሊስ ማስረጃ ከዚያ ያጠረ ነው። ምዘናው ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር በቀጥታ የሚላክ ትራንስክሪፕት ስለሚጠይቅ፣ ጥሪው ከተሰማ በኋላ ስድስት ኪሎ ሄዶ ወረፋ የያዘ ሰው አይደርስም። በባንክ የተቀመጠ ገንዘብና ቀን በቀን የተጻፈ የሥራ ልምድም ያስፈልጋል፤ እንደ ማኒቶባ ያሉ አንዳንድ ክፍለ ሀገሮችም በዚያ የሚኖር ዘመድ ወይም ወዳጅ መኖሩን ይፈልጋሉ፤ የዊኒፔግና የኤድመንተን ሐበሾች ለወንድማቸው ልጅ የሚሆኑት ይህ ምስክርነት፣ አያቶቻችን በችሎት ፊት ከባለጉዳዩ ጎን ቆመው ይሰጡት ከነበረው በባሕርዩ አይለይም። የሚያሳዝነው፣ ዛሬም ቢሆን ለብዙ አመልካች ማነቆ የሚሆነው ከባዱ ፈተና ሳይሆን ቀላሉ ወረቀት፣ ማለትም የልደቱ ማስረጃና የስሙ አጻጻፍ መሆኑ ነው። በትምህርቱ የበረታ መሐንዲስ በአንድ ፊደል ልዩነት ሲቀር ማየት ልብ ያቆስላል።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ የሚባለው የአራዳ አሮጌ ሰፈሮች፣ እነ ዶሮ ማነቂያ፣ ለኮሪደር ልማት ሲነሡ፣ ከነዋሪው ጋር ብዙ ትናንሽ ጽሕፈት ቤቶችና ፎቶ ቤቶች ወደ ከተማው ዳር ተበተኑ። ሞያው አይጠፋም፤ ያለ ሰነድ የሚከፈት ደጅ ስለሌለ በሄደበት ይኖራል። የሚያሠጋኝ የእነርሱ መሳቢያ ነው፤ በነዚያ ቤቶች ውስጥ የአራዳ ሰው መልክ በኔጋቲቭ፣ ቃሉም በካርቦን ቅጂ ተቀምጦ ነበርና፣ የቀረውን ሰብስቦ ለብሔራዊው ቤተ መዛግብት የሚያስረክብ ሰው ቢገኝ ለከተማው ታላቅ ውለታ ይሆናል። የአድባራቱ የክርስትና መዛግብትም እንዲሁ ከእርጥበትና ከአይጥ ተጠብቀው በዘመናዊ መሣሪያ ቢቀዱ፣ ገና በሕይወት ላሉ ብዙ አረጋውያን ብቸኛው የልደት ምስክር ይተርፋል።

ለወላጅ የምለው ግን ከዚህ ያነሰና የቀለለ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል፤ ሕጉም ዛሬ በእጃችን ነው። አዋጅ ቁጥር 760 ልደት በተፈጸመ በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዝዛል። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡ ሁለቱም ቀናት ከዚህ ወሰን ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ልጅህን ከሥላሴም ሆነ ከሌላ ደብር ክርስትና አስነሥተህ ስትመለስ፣ በዚያው ሳምንት ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ጎራ በል፤ ስሙን በአማርኛና በላቲን ፊደል አንድ ጊዜ በትክክል አስጽፍ፣ ያንኑ አጻጻፍ በትምህርት ቤትም በፓስፖርትም ሳትለውጥ አጽና፣ ዋናውንም ሰነድ ልጁ አድጎ እስኪጠይቅህ ድረስ በደኅና ቦታ አኑርለት።